ሽንኩርቱን ጥሬውን ወይስ ቁሌቱን?

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ሽንኩርት ሳይወደድ ብዬ ግማሽ ኩንታል ከኮምቦልቻ አስመጣሁ። አሥር ኪሎ ያህሉን ልጬ፣ በመፍጫ ማሽን ፈጭቼ፣ በፌስታል ቋጥሬ ፍሪዘር ውስጥ ከተትሁት። በሦስተኛው ሳምንት ለዶሮ ወጥ ሳወጣው ድስቱን ውሃ ሞላው፣ ወጡም መረር አለ። አጠገቡ የነበረው ቅቤ ደግሞ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። በመካከሉ መብራት አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቶ ነበር። ሽንኩርት በረዶ ቤት አይቀመጥም ማለት ነው? ቀቅዬ ማስገባት ነበረብኝ? በጆንያ የቀረው ሠላሳ ኪሎም መብቀል ጀምሯል፤ ምን ላድርገው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሽንኩርት በረዶ ቤት ይቀመጣል። ያንቺ ጉዳት ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለመጣብሽ ጥፋቱን በሙሉ ሽንኩርቱ ተሸከመው። ምሬቱ ከመፍጫው ነው። ውሃው ከበረዶው ነው። የቅቤው ሽታ ከፌስታሉ ነው። አንድ ሌላ ደግሞ አለ፤ እሱ ከደሴ ብርድ ነው፣ ሰው ስነግረው ስለሚስቅ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ከምሬቱ ልጀምር። ሽንኩርት ሳይነካ ሲቀመጥ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ድኝ ያለባቸው ንጥረ ነገሮቹ በአንድ ክፍል፣ እነሱን የሚሰባብረው ኢንዛይም በሌላ ክፍል ተለያይተው ይኖራሉ። ቢላ ሲያርፍበት ግድግዳው ይፈርሳል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ዓይን የሚያቃጥለውም ምላስ የሚቆነጥጠውም ከዚያ ይወለዳል። (ለብቻው እንባ የሚያመጣ ሌላ ኢንዛይም እንዳለ የጃፓን ተመራማሪዎች ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። መጀመሪያ ለሚያስቅ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ጥናት በሚሰጠው በኢግ ኖቤል ሽልማት በ2013 ተሸልመውበታል። እኛ ግን በየቀኑ በነጻ እናለቅስበታለን።) በስለት ቢላ ስትከትፊ የሚፈርሰው ቢላው ያለፈበት መስመር ብቻ ነው። የመፍጫ ማሽን ግን አንድም ክፍል ሳይተው ያደቅቀዋል። እንዲህ የደቀቀ ጥሬ ሽንኩርት ሲቆይ ይመራል፤ ቅዝቃዜው ያዘገየዋል እንጂ የተፈጠረውን ምሬት አይመልስም። ስለዚህ ለማቆየት ከሆነ በቢላ ክተፊው። የግድ መፍጨት ካለብሽ ፈጭተሽ ወዲያው ድስት ላይ ጣጂው፤ አይደር።

ውሃውን በተመለከተ ያየሽው ብልሽት አይደለም። ከሽንኩርት ክብደት 89 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሚሠራው በረዶ እንደ መርፌ ረጃጅምና ትልልቅ ይሆናል፣ የሽንኩርቱን ሥጋ ይበሳሳል። ሲቀልጥ ውሃውን የሚይዝ ግድግዳ ስለሌለ ሁሉም ይፈስሳል። ለሰላጣና ለጥብስ ይህ ሞት ነው፤ ጥብስ የምትይው ነገር ቅቅል ሆኖ ያርፈዋል። ለወጥ ግን እንዲያውም ውለታ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው፤ የደሴ ሴት ቁሌት አልሟሟ እያላት ከእሳት ጋር ስትታገል የምትውለው ለዚህም ጭምር ነው። በረዶ የመታው ሽንኩርት ግድግዳው አስቀድሞ ስለፈረሰ ቶሎ ይልማል።

ስሕተቱ ያለው አጣጣዱ ላይ ነው። አቅልጠሽ ከነውሃው፣ ከዘይት ጋር አንድ ላይ ጣድሽው ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ አድርጊ፦ አታቅልጪው። ድስቱን ባዶውን አግይ፣ በረዶውን እንዳለ ጨምሪ፣ ክዳን አትግጠሚ፣ አማስይ። ከዚያ ጆሮሽን ስጪው። ውሃ እስካለው ድረስ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ይንተከተካል። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ችስ ችስ ይላል፣ ማማሰያውም ከድስቱ ወለል ጋር መያያዝ ይጀምራል። ዘይቱ የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ በርበሬው ከዚያ በኋላ። ውሃው ሳያልቅ ዘይት ከጨመርሽ በርበሬው ይቀቀላል፣ ወጡም እስከ መጨረሻው ጥሬ ጥሬ ይላል።

አሁን ወደ ደሴ ብርድ። አብዛኛው ባለሁለት በር ፍሪጅ፣ ከላይ በረዶ ቤት ከታች ማቀዝቀዣ ያለው፣ አንድ ሞተርና አንድ የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው ያለው። መቆጣጠሪያው የሚሰማው የታችኛውን ክፍል ነው። ታች ወደ 4 ዲግሪ ሲወርድ ሞተሩ ያርፋል፤ ሞቅ ሲል ይነሣል። በረዶ ቤቱን ማንም አይጠይቀውም፤ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር የድርሻውን ይቀበላል። እንግዲህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ማድ ቤትሽ 10 ዲግሪ ከሆነ ታችኛውን ክፍል የሚያሞቀው ነገር የለም። ሞተሩ ተኝቶ ያድራል። ከዜሮ በታች 18 መሆን የነበረበት በረዶ ቤትም ቀስ በቀስ ይሞቃል። ደሴ በነበርሁበት ዘመን አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ቴርሞሜትር አስገብቼ ከዜሮ በታች 8 አንብቤ መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ያው ፍሪጅ ኮምቦልቻ ቤት ስቀይር ምንም ሳይነካ ወደ 18 ወረደ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮታችንን እንደምናወልቅ ሁሉ ፍሪጁም ሞተሩን የሚቀሰቅስለት ሙቀት አገኘ። ብርድ ፍሪዘርን ያሞቃል ስል የሚስቁት ለዚህ ነው።

ይህን ፋብሪካዎቹም ያውቁታል። ከፍሪጁ ውስጠኛ ግድግዳ ወይም ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ የላቲን ፊደላት ታገኛለሽ። «ኤስ ኤን» የሚለው የክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን ይሠራል። «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ከ16 እስከ 43 ነው። ለሙቅ አገር የተሠራ «ቲ» ፍሪጅ ደሴ ማድ ቤት ውስጥ የብርዱን ወራት ሙሉ ከተፈቀደለት በታች ነው የሚኖረው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰው ወደሚውልበት ክፍል አስገቢው፣ ከውጭ ግድግዳ አርቂው፣ በብርድ ወራት መቆጣጠሪያውን ወደ ቀዝቃዛው አዙሪ። አንዳንዶቹ ለብርድ ጊዜ የምትጫን ትንሽ ማብሪያ አላቸው፤ ካለሽ ተጠቀሚባት።

በረዶ ቤቱ በር ላይ ደግሞ የበረዶ ኮከቦች ቁጠሪ። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6፣ ሁለት 12፣ ሦስት 18 ማለት ነው። አራተኛ ኮከብ ያለው ትኩስ ነገር ማቀዝቀዝም ይችላል። ከዚያ በታች ያሉት የቀዘቀዘ ነገር ለማቆየት የተሠሩ ናቸው፤ አዲስ ነገር ለማርጋት አቅም ያጥራቸዋል። ባለ አንድ በሩ ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ትንሿ ሳጥን ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ኮከብ ናት።

ቴርሞሜትር ከሌለሽ በጨው መፈተን ትችያለሽ። የአንድ ኪሎ ጨው ጥቅል አንድ ስምንተኛውን (125 ግራም) በግማሽ ሊትር ውሃ አሟሚ፣ በላስቲክ ዕቃ ሳትሞዪ ቅጂና ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። እንዲህ ያለ ጨዋማ ውሃ መርጋት የሚጀምረው ከዜሮ በታች 16 ተኩል ገደማ ነው። በማግሥቱ ነቅነቅ ስታደርጊው በረዶ ካሳየሽ ፍሪዘርሽ ጤነኛ ነው። እንደ ውሃ ከተንቦጨቦጨ ብዙ ወር አታቅጂ፤ አንድ ወር በቂሽ ነው።

ይህን ሁሉ ያስረዘምሁት ምክሬ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው፦ ደሴ ላይ ላለ የቤት ፍሪጅ ጥሬ ሽንኩርት አታስገቢ፤ ቁሌቱን አስገቢ። ሒሳቡን እዪው። አሥር ኪሎ ጥሬ ሽንኩርት ስታስገቢ ዘጠኝ ኪሎ የሚጠጋ ውሃ ነው የምታረጊው፤ ቦታም መብራትም የሚበላው እሱ ነው። ለአንድ ጊዜ ማርጊያ ልኩ በየ20 ሊትር የፍሪዘር ስፋት አንድ ኪሎ ገደማ ነው። አንቺ አሥር ኪሎውን በአንድ ጊዜ ስትጨምሪ መሐሉ እስኪረጋ ቀናት ሳይወስድ አልቀረም፤ በረዶውም ትልልቅ መርፌ ሆነ። ቁሌት ግን ውሃው በእንፋሎት ስለሄደ ከጥሬው ክብደት ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ኢንዛይሙም በእሳት ሞቷልና መራራ አይሆንም፣ ሽታውም የረገበ ነው። መብራት የሚበላውን ሥራ በከሰል ትሠሪዋለሽ፤ እሑድ ከሰዓት ቡናው አጠገብ።

አሠራሩን ታውቂዋለሽ፤ ለማቆየት ሲሆን ግን የሚለየው ይህ ነው። በደቃቁ ከትፈሽ ወለሉ ሰፋ ያለ ድስት ውስጥ ያለ ዘይት፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም ጣጂው። ዘይት የነካው ነገር በረዶ ውስጥም ቢሆን ቀስ እያለ ይሻግታል፤ ጨው ደግሞ ያፋጥነዋል። ሽንኩርቱ ወርዶ፣ ውሃው አልቆ፣ ገና ወርቅማ ሲል አውርጂው። እስኪጠቁር አትጠብቂ፤ ነጣ ያለው ለአልጫም ይሆናል፣ ለዶሮ የምትፈልጊውን ጥቁረት በዕለቱ ትቀጥዪበታለሽ። አምስት ኪሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ማማሰያውን ለልጅ አትስጪ፣ ቀኑን ሙሉ የለፋሽበት በአንድ የስልክ ጥሪ ያርራል።

ሲወርድ በሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርጊው፣ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፣ የደሴን አየር እዚህ ላይ አሠሪው። ትኩሱን በድስት ሙሉ ፍሪዘር ብታስገቢ መሐሉ ለብ ብሎ ለሰዓታት ይቆያል፤ ተሕዋስያን የሚወዱት ያንን ነው። ከምድጃ ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ በረዶ ቤት መግባት አለበት። ለአንድ ወጥ የሚበቃሽን፣ ሁለት ጭልፋ ይሁን ሦስት፣ ጠንካራ ከረጢት ውስጥ ጨምረሽ በመዳፍሽ ተጫኚና እንደ ደብተር ጠፍጣፋ አድርጊው፤ ውፍረቱ ከአንድ ጣት አይብለጥ። አየሩን አስወጪ፣ እሰሪ፣ ደብተሮቹን በትሪ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ አስተኝተሽ አርጊ። በማግሥቱ እንደ መጽሐፍ ማቆም ትችያለሽ። ፕላስተር ለጥፈሽ ቀኑን ጻፊ፤ «አስታውሰዋለሁ» ያለች ሁሉ ረስታዋለች። ከዜሮ በታች 18 ላይ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ጣዕሙ ሳይጎድል ይቆያል። ሽንኩርት በመስኖ ምርት ከሚረክስበት ከበጋው ማብቂያ ተነሥቶ ክረምቱን አሻግሮ እንቁጣጣሽ ለመድረስ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ስለ ፌስታል፦ ስስ ፌስታል ውሃ ይይዝ እንደሆን እንጂ ሽታ አይዝም። የሽንኩርት ሽታ በላስቲኩ ውስጥ ያልፋል፣ ቅባት ያለውን ነገር ፈልጎ ይገባበታል፤ ቅቤ ደግሞ ሽታ በመሳብ የሚያህለው የለም። ከረጢቶቹን በሙሉ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አስቀምጪ። በብርጭቆ ጠርሙስ ከሆነ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል አጉድዪ፤ ቁሌትም ሲረጋ ይነፋል፣ ጠርሙስ ይሰነጥቃል።

ጥሬውን የግድ ማስቀመጥ ከፈለግሽ፣ ለምሳሌ በረመዳን ለሾርባ እየተቻኮልሽ የምትጨምሪው ትንሽ ነገር፣ በቢላ ከትፈሽ፣ በጨርቅ አድርቀሽ፣ በትሪ ላይ አንድ ንጣፍ ብቻ ዘርግተሽ ሁለት ሦስት ሰዓት አርጊና ከዚያ ሰብስበሽ ከረጢት ውስጥ ጨምሪ። እንዲህ ከሆነ እንደ ጠጠር ተለያይቶ ይቆያል፣ በእፍኝ ትዘግኚዋለሽ። ለሳምቡሳ ከሆነ ግን መጀመሪያ ውሃውን በምጣድ አድርቀሽ ነው ከምስሩ የምትቀላቅዪው፤ አለዚያ ሊጡ ይርሳል፣ ዘይት ውስጥ ይፈነዳል።

መቀቀል ነበረብኝ ወይ ላልሽው፣ አልነበረብሽም። ካሮት፣ ፎሶሊያና ጎመን ፍሪዘር ከመግባታቸው በፊት የፈላ ውሃ ማየት አለባቸው፣ አለዚያ ኢንዛይሞቻቸው ቀለማቸውንና ጣዕማቸውን ይበሉታል። ከ1,500 ሜትር በላይ በምንኖር ሰዎች ዘንድ በተለመደው ሰዓት ላይ አንድ ደቂቃ መጨመር ነው። የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ግን ከዚህ ነጻ ናቸው።

መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቺ። ለብቻው የቆመ ትልቅ ፍሪዘር ሞልቶ ከሆነ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ያህል ይቋቋማል፤ የፍሪጅ ላይኛዋ ክፍል ግን ከዚህ ብዙ ታንሳለች። ባዶ ቦታ ካለሽ ውሃ በተሞሉ ሃይላንዶች ሙይው፤ በረዶው ሌላውን ይጠብቃል። አንድ የቆየ ብልሃት ልጨምርልሽ፦ በሲኒ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አርጊና በረዶ ሲሆን የአንድ ብር ሳንቲም ከላዩ አስቀምጪበት። ከመንገድ ስትመለሺ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ደኅና ነው። ከሲኒው ሥር ከሰመጠ አንቺ በሌለሽበት ሁሉም ቀልጦ ተመልሶ ረግቷል። ያንቺ ሽንኩርት በዚያ ቀን ከመሐሉ በረዶ ያለው ሆኖ ከተረፈ መልሶ ማርጋቱ ጣዕም እንጂ ጤና አይጎዳም። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ለብ ብሎ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየን ግን፣ በተለይ ቁሌትን፣ ሳታዝኚ ድፊው። በረዶ ተሕዋስያንን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፤ ሲሞቃቸው ይነሣሉ።

ሠላሳ ኪሎው። ሽንኩርት የመብቀል ፍላጎቱ የሚጠናው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ይህ ደግሞ የደሴ ቤት ሙቀት ማለት ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ከ25 እስከ 30 ባለ ደረቅ ሙቀት ግን ተኝቶ ይቆያል። በድሮ ቤት ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ የሚሰቀለው ሽንኩርት የማይበቅለው ለዚህ ነው፤ ጭሱና ሙቀቱ ያደርቀዋል። ዛሬውኑ ጆንያውን ዘርግፊና ለሦስት ክፈይው። አንገቱ የላመ፣ የረጠበ፣ የሚሸት ይጣል፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። የበቀለው ለዚህ ሳምንት ቁሌት ይሁን፤ ሽንኩርት ሲበቅል እንደ ድንች መርዝ አያመጣም፣ አረንጓዴውንም ከትፈሽ ጨምሪው። ጠንካራውን ወደ ጆንያው አትመልሺ፣ ሲሚንቶ ላይም አታስቀምጪ፣ ከድንች ጋርም አታጎራብቺ። በመረብ አድርገሽ የማድ ቤቱ ሙቀት በሚደርስበት ከፍታ ስቀዪው። በሌላ ጊዜ ስትገዢ፣ ከቆቦ ይምጣ ከሌላ መስኖ፣ አውራ ጣትሽን አንገቱ ላይ ጫን አድርጊ። ከሰረገደ ውሃ ጠጥቶ ወዲያው የተነቀለ ነው፤ የዚያኑ ሳምንት ብዪው። ደርቆ የተዘጋ አንገትና ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ልጣጭ ያለው ነው የሚቆየው።

ሽንኩርቱን የጨረሰች ወደ ነጭ ሽንኩርት መዞሯ ስለማይቀር አንድ ነገር ልበል። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ፈጭቶ በጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አየር በሌለው ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል፤ ሽታም ቀለምም አይለውጥም። ፍሪጅ ውስጥ ከአራት ቀን አታሳልፊው፤ ለወራት ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ አርጊው። ተፈጭቶ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቢሆን ግን አትደንግጪ፤ ያ የራሱ የድኝ ንጥረ ነገሮች ሥራ ነው፣ ይበላል።

ፍሪጁን በሶዳ ውሃ ወልውዪው፣ የደረቀ የቡና አተላ በሰሐን አድርገሽ ለጥቂት ቀን ተዪበት። ቅቤውን አትጣዪው። ለገንፎና ለጨጨብሳ አይሆንም፣ ለምስር ወጥ ግን ማን ያውቅበታል?